የአያ ታፈረ ቃልና የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት

ቀን፦ የካቲት 11

ለተከበሩ የይዞታ ማስረጃ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሁለት ቁልፍ እንዲጫኑልን ስለመጠየቅ፣ ጊዜው ያለፈበት ቢሆንም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክብርዎ የሚገባውን ሰላምታ እጅ ነስቼ አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ እንደምን ነው? ከወንበርዎ ብዙ የማይነሡ ሰው ነዎትና ወገብዎ እንዴት እንደሰነበተ በጣም ያሳስበኛል። እኔ ለክብርዎ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ማን እንደሚጽፍልዎ ቢጠፋዎ አልቀየምም። ንጋት አረጋ እባላለሁ። ከጽሕፈት ቤቱ በር ትይዩ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ይዤ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። ከዚያ በፊት ሃያ ሦስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ሠርቻለሁ። ወደ ክፍልዎ ከሚገቡት ማመልከቻዎች ግማሾቹን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ፣ እርስዎ ሳያነቡ የሚያሳልፉት ብዙውን ጊዜ የእኔን ሥራ ነው። በዚህ ዝምድናችን ተማምኜ ነው ዛሬ በግልጽ የምጽፍልዎ።

ነገሩ ይህ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ደሳለ ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ ካለ ጎጥ አራት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የምትመጣ ገበሬ ናት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከአባቷ ከደሳለ የወረሰችው የገብስ ማሳ ከጎረቤቷ ከመልአኩ ማሳ ጋር ይዋሰናል። በወይራው ዛፍና በእርከኑ መካከል አንዲት ቁራሽ መሬት አለች፤ የደብሪቱና የልጇ የዓመት ቀለብ የሚወጣው ከዚያች ነው። ድንበሩ ወይራው ከሆነ ቁራሿ የደብሪቱ ናት፤ ድንበሩ እርከኑ ከሆነ የመልአኩ ናት። እውነቱን ከሚያውቁት ሽማግሌዎች መካከል በሕይወት የቀሩት አንድ ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም አያ ታፈረ ሰውአገኝ ናቸው።

መልአኩም ክፉ ሰው አይደለም። አያ ታፈረ ቃላቸውን በሰጡበት ሰሞን ማሽላ ሊያጭድ ቆቦ ወርዶ ነበር። ለጥምቀት ሲመለስ የተናገረው አንድ ነገር ነው፦ «አያ ታፈረ ወይራው ነው ካሉ አንዲት እርምጃ አላልፍም፤ ቃላቸውን አሳዩኝ። ካላሳያችሁኝ ግን እኔ የማየው እርከኑን ነው።» ከዚህ የተሻለ ባለጋራ ከየት ይመጣል? አሁን የበልጉ ዝናብ ጀምሯል፤ መልአኩም ሞፈሩን እያዘጋጀ ነው። እኛ ደግሞ የምናሳየው የለንም። የማናሳይበትን ምክንያት እንደሚከተለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ታኅሣሥ 25 ቀን አያ ታፈረ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ ጾማቸውን እንደያዙ፣ በዱላ ተደግፈው ከደብሪቱ ጋር መጥተው በጸሐፊዎ ፊት ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። ጸሐፊዎ ትጉህና የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው፤ ቃሉን እንደተነገረው በኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። መልሶም አነበበላቸው። ሽማግሌው ዳግመኛ እንዳይመላለሱ በማለት፣ እንደ ክፍላችሁ ልማድ፣ በባዶው የምስክርነት ቅጽ ግርጌ የአውራ ጣታቸውን አሻራ አስቀድሞ ተቀበላቸው። ከዚያም ቃሉን ከጻፈበት ቦታ ቆርጦ በቅጹ ላይ ሊለጥፈው ሲል፣ እርስዎ ከቢሮዎ ወጥተው የበዓል መልእክት ባስቸኳይ ለቀበሌዎች ሁሉ በቴሌግራም እንዲላክ አዘዙት። ጸሐፊዎም ታዘዘ። መልእክትዎን ኮፒ አደረገ፤ ላከ። ተመልሶም በእጁ ያለ የመሰለውን ቃል በቅጹ ላይ ለጠፈ። እርስዎም ፈረሙበት። ማኅተሙም ተመታበት።

ደብሪቱ በማግሥቱ ወረቀቷን ተቀብላ እንዳነብላት ወደ እኔ አመጣችው። «የምስክሩ ቃል» በሚለው ሣጥን ውስጥ ይህ ተጽፎ ነበር፦ «የጽሕፈት ቤታችን ማኔጅመንትና ሠራተኞች እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ እያሉ፣ በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የመልካም አስተዳደር በዓል እንዲሆንላችሁ ይመኛሉ።» በሥሩ የአያ ታፈረ አሻራ አለ። ስለ መልካም ምኞትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ወይራው ድንበር ይሁን አይሁን መልእክቱ በግልጽ አይናገርም።

ደብሪቱ ማንበብ አትችልም። ፊቴን አይታ ነው ነገሩ የገባት። «ምነው እታለም፣ ጎደለ እንዴ?» አለችኝ። ምንም እንዳልጎደለና ሁሉም እንደጎደለ ማስረዳት ለእኔም አስቸገረኝ።

፪ኛ፦ እዚህ ላይ ስለ አንድ ነገር ላስረዳዎ ይፍቀዱልኝ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ነበር፤ እኔም ያወቅሁት ጣቴ አዳልጦኝ ነው። ኮምፒውተር ኮፒ ያደረጉትን ወይም የቆረጡትን ነገር ክሊፕቦርድ በሚባል ኪሱ ይይዘዋል። ሌላ ኮፒ ሲያደርጉ የመጀመሪያው የጠፋ ይመስላል። አልጠፋም። አንድ ጊዜ ልለጥፍ ብዬ የኮንትሮልን ቁልፍ ስፈልግ ጣቴ አጠገቡ ያለውን የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከቪ ጋር ተጫነ፤ የኮፒ ታሪክ መያዝ ይጀመር ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ይጀመር አልኩት። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ሁለት ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር ኮፒ ያደረግኋቸው ነገሮች ከቅርቡ እስከ ሩቁ ሃያ አምስት ያህል ተደርድረው ይቀርቡልኛል። የፈለግሁትን መርጬ እለጥፋለሁ። ሌላ ጥበብ የለውም።

በመስከረም ወር የክፍልዎ ኮምፒውተር አማርኛ አልጽፍ ብሎ አስጠርተውኝ መጥቼ እንዳስተካከልኩልዎ ያስታውሱ ይሆናል። ምስጋናው እስካሁን በመንገድ ላይ ነው። ያን ዕለት ይህንንም አብሬ ከፍቼላችሁ ነበር። ስለዚህ ታኅሣሥ 26 ቀን ደብሪቱን አስከትዬ ወደ ክፍልዎ ስሮጥ፣ የአያ ታፈረ ቃል በዚያ ኮምፒውተር ኪስ ውስጥ፣ ከበዓል መልእክትዎ ሥር፣ በሙሉ ጤንነት እንደተቀመጠ አውቅ ነበር። ኮምፒውተሩ ከትናንት ጀምሮ አልጠፋም፤ ጸሐፊዎን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የሚያስፈልገው ሁለት ጣት ብቻ ነበር። ጸሐፊዎም አሥር ጣት አለው።

እርስዎ ግን በሕግ የሚመሩ ሰው ስለሆኑ፣ ያልተመዘገበ ማኅደር ያለ ትእዛዝ እንደማይከፈት አስረዱኝ። ማመልከቻ በመዝገብ ቤት በኩል እንዳስገባ አዘዙኝ። ጊዜ እንዳያልፍብን ፈርቼ ለጸሐፊዎ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ፤ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን የስፒል ምልክት እንዳለች፣ እርሷ የተነካችበት ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እንኳ እንደማይጠፋ፣ ያልተነካው ግን ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ እንደሚደመሰስ ነገርኩት። ጸሐፊዎ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። እርስዎም የውጭ ሰው ለሠራተኛ መመሪያ መስጠት እንደማይችል አሳስበው በጥበቃው አማካይነት በክብር አስወጡኝ። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ ክንዴን የያዘኝ በስሱ ነበር።

፫ኛ፦ ማመልከቻውን በዚያው ቀን አስገባሁ፤ የመግቢያ ቁጥርም ተሰጠው። በማግሥቱ በዓሉን ምክንያት በማድረግ ለኤሌክትሪክ ቁጠባ ሲባል ማናቸውም ማሽን እንዲዘጋ በሰርኩላር ታዘዘ። ክፍልዎ ትእዛዝ በሰዓቱ ሲፈጽም ያየሁት ያን ቀን ነው። ከበዓል መልስ «ማመልከቻሽ ተፈቅዷል፣ ኮምፒውተሩ ግን ባዶ ነው» ተባልኩ። ከዚያም የጉዳዩን አጠፋፍ የሚያጠና አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እንደተቋቋመ ተነገረኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው፤ ግን ውሻው ቢያንስ ጮኸ፣ ኮሚቴው እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም።

፬ኛ፦ አራተኛው ቅሬታ ከሦስተኛው ጋር በጣም ስለሚመሳሰል በክፍልዎ አሠራር ገልብጬ መለጠፍ እችል ነበር። ትቼዋለሁ።

፭ኛ፦ ይህን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። አያ ታፈረ ታኅሣሥ 28 ቀን ለልደት ከምእመኑ ጋር ወደ ከተማ ገብተው ነበር። ቃላቸው እንደጠፋ ደብሪቱ ስትነግራቸው አልተቆጡም። «አፌ አልተቆለፈ፤ ደግሜ እነግራቸዋለሁ» ብለው ዱላቸውን አንሥተው መጡ። በርዎ በሰንሰለት ታስሮ ስላገኙት በእኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እስከ ማታ ጠበቁ። በዓል ነው፣ ማንም አይመጣም ብዬ ብነግራቸው «የመንግሥት በር አይታወቅም» አሉኝ። የሚያልፈው ምእመን ሁሉ ለማኝ መስለውት ዳቦ ጣል ያደርግላቸው ነበር። ጥር 5 ቀን ሞቱ። ብርድ ነው ያሉ አሉ፤ ዕድሜ ነው ያሉም አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ እርስዎን ብቻ አልከስም። ያን ቀን ላፕቶፔ ፊቴ ተከፍቶ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት የሰው ቃል ስጽፍ የኖርኩ ሴት፣ አያ ታፈረ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀው ተቀምጠው ሳለ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ቃል የሚጸናው በሹም ፊት ሲሰጥ ነው፣ ከበዓል በኋላ ይደርሳል ብዬ ተውኩት። ደንብ ማክበር ከእርስዎ ክፍል ተጋብቶብኝ ይሆናል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ይነሣኝም።

፮ኛ፦ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በክፍልዎ ግን ተረቱ ተገልብጧል። በጽሑፍ የነበረው ጠፋ፤ በቃል ያለው አልጠፋም። ደብሪቱ ጸሐፊዎ መልሶ ሲያነብ የሰማችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ይዛዋለች፤ ሦስት ጊዜ ነግራኝ ሦስቱንም ጊዜ አንዲት ቃል አላዛነፈችም። ይህን ይዘን ስንመጣ ባለጉዳይ ለራሷ ምስክር እንደማትሆን ነገሩን። እውነት ነው፤ ሕጉም እንደዚያው ነው። ለሕግ ያለዎት ፍቅር ሁልጊዜ ከእኛ በኩል ብቻ እንደሚጀምር ግን ልብ ብያለሁ።

በዘመነ ታይፕራይተር ካርቦን የሚባል ጥቁር ወረቀት ነበር። እጅ ያቆሽሻል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ግን የመታነው ሁሉ ከሥር አንድ ቅጂ ይቀር ነበር። አለቃ ቢጥለው እንኳ ቅጂው በሣጥን ይገኛል። ዛሬ ማሽኑ ራሱ ካርቦኑን በሆዱ ይዞ መጣ፤ እኛ ደግሞ ሆዱን ለማየት ማመልከቻ የምንጠይቅ ሆንን።

ይህ ነገር ለትልልቅ ሰዎች ብቻ የከበደ መሆኑም ይገርመኛል። ጋሸና መገንጠያው ላይ ሻይ ቤት ያላት ረሒማ የምትባል ወዳጄ፣ ባለፈው ወር ከደሴ ዕቃ የሚጭንላትን ሹፌር ስልክ ኮፒ አድርጋ፣ ሳትለጥፈው ሌላ ነገር ኮፒ አደረገችበት። ደወለችልኝ። በስልኩ የመጻፊያ ሰሌዳ ላይ ያለችውን የክሊፕቦርድ ምልክት እንድትነካ፣ ስልክ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለማይጠብቅ ቶሎ እንድትል፣ የምትፈልገውን ደግሞ ጫን ብላ ይዛ በስፒል እንድታስቀረው ነገርኋት። ሻዩ ሳይፈላ አገኘችው። «አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ተቀምጦ የለ!» ብላ ሳቀች። ሻይ ቤቷ መዝገብ ቤት የለውም፤ ለዚያ ይሆናል የቀናት።

ክቡር ሆይ፣ ከእንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አያ ታፈረን አስነሡልን አልልም፤ ያም ቢሆን በመዝገብ ቤት በኩል ማለፉ አይቀርም። የምጠይቀው በዚያን ዕለት ቃል መሰጠቱን፣ ቃሉም በክፍልዎ ስህተት መጥፋቱን የሚገልጽ አንዲት ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው። መልአኩ ያችን ቢያይ ምናልባት ይታገሥ ነበር። ይህንንም ከሦስት ሳምንት በፊት በማመልከቻ ጠይቀናል። ዝናቡ ግን ጥያቄያችን እስኪታይ አይጠብቅም፤ መልአኩም አይጠብቅም፤ እውነቱን ለመናገር ሊጠብቅም አይገባም።

ላደረጉልን ሁሉ፣ ላላደረጉልንም ሁሉ፣ በተለይም ለአያ ታፈረ ቀብር ማግሥት ለቀበሌዎች ስለላኩት የመልካም ጥምቀት መልእክት ያለኝን ምስጋና በድጋሚ አቀርባለሁ። ዕድሜና ጤና ለክብርዎ እመኛለሁ፤ ወንበርዎም ይጽናልዎ፣ ወገብዎም ይቻለው። በርዎ ሲከፈትም ሲዘጋም የምታይ፣ ለክብርዎ ሁልጊዜ ከመቀመጫዋ የምትነሣ፣ እርስዎ ግን አንድም ቀን ዞር ብለው ያላዩዋት ጎረቤትዎ፣

ንጋት አረጋ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ከበርዎ ትይዩ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ በበርዎ ላይ ሳልለጥፈው፣ ትናንት ጠዋት መልስዎ ደረሰን። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ «ተሰጠ የተባለው የምስክርነት ቃል በክፍላችን ኮምፒውተር ውስጥ በጥብቅ ተፈልጎ ያልተገኘ በመሆኑ ጥያቄውን ለመቀበል የምንቸገር መሆኑን እንገልጻለን» ይላል፤ ፊርማዎና ማኅተምዎ አለበት። ለደብሪቱ ሳነብላት ነጠላዋን አጣፍታ ልትነሣ ነበር። ግልባጩ ለእነማን እንደተላከ ልይ ብዬ ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። «ግልባጭ» ከሚለው ቃል ሥር የመሥሪያ ቤት ስም የለም። ያለው ይህ ነው፦

«እኔ ታፈረ ሰውአገኝ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ድንበሩ ከወይራይቱ ይነሣል። ወይራይቱን የተከላት ደሳለ ነው፣ የዚች የደብሪቱ አባት። ስትተከል ውኃ ያመላለስኩላት እኔ ነኝ፣ ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ከወይራይቱ ተነሥቶ በሁለቱ ነጫጭ ድንጋይ አድርጎ ጅረቱ ድረስ ይወርዳል። እርከኑ ኋላ የመጣ ነው፤ ከሠሩት አንዱ እኔ ነኝ። እርከን ውኃ ይመልሳል እንጂ ድንበር አይሆንም። ሆዴ ለማንም አያደላም፤ ደብሪቱም ልጄ ናት፣ መልአኩም ልጄ ነው። አንድ እግሬ ወዲያ ነውና ዋሽቼ የት እገባለሁ? ይኸው ነው።»

በሥሩ የክፍልዎ ክብ ማኅተም አለ። መዝገብ ቤትዎ ገጽ ቆጥሮ ይመታል እንጂ አያነብም፤ እርስዎም እንደዚያው። ደብሪቱ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ «በስመ አብ! አያ ታፈረ ናቸው» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ክፍሌን ዘግቼ አብሬያት ወጣሁ። መልአኩ በሬ ጠምዶ ከእርከኑ ሥር አገኘነው፤ ሁለት ትልም አውጥቶ ነበር። ማሳው ዳር ቆሜ አነበብኩለት። «መልአኩም ልጄ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። እንድደግምለት ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ በሬዎቹን አዙሮ ከወይራው ማዶ ወደ ራሱ ማሳ ተሻገረ።

ይህ ሁለተኛ ገጽ በስህተት የወጣ መሆኑን፣ ሃያ ሦስት ዓመት በታይፒስትነት የሠራሁ ባለሙያ ነኝና፣ በሙሉ ልቤ እመሰክራለሁ። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ልክ እንደ ልደቱ መልእክት ጣት አዳልጦ ነው፤ ያን ዕለት ስፒሏን የነካ ጣት ቢኖርም አዳልጦት ይሆናል፤ ከሰው ስህተት ከብረት ዝገት አይጠፋም። ስለዚህ ማንም ሊጠየቅበት አይገባም። ክፍልዎ ስህተቱን ሲያርም አይቼ አላውቅም፤ እባክዎን በዚህች እንዳይጀምሩ።